ለእንግዳ የተለቀመ

የሣጥኑ ክዳን ሲነሣ ቀድሞ የወጣው ሽታው ነበር፤ ሞቅ ያለ፣ ጣፋጭ፣ ሊፈላ የተቃረበ ጠላ የሚመስል ሽታ። አንሙት ያውቀዋል። ክረምት በገባ ቁጥር ከየጓሮው ኮክ ሥር የሚነሣ ሽታ ነው። ከዚህ ሣጥን ግን መውጣት አልነበረበትም።

«ቀረብ ብለው ይዩት፣ ጋሽ አንሙት» አለች ወጣቷ ተመራማሪ ትንቢት።

ጎንበስ አለ። በእርጥብ ወረቀት ላይ በአራት ረድፍ የተደረደሩት ሃያ የኮክ ፍሬዎች ጠቁረዋል። በአንዳንዶቹ ላይ ቡናማው ገና የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነው፤ የሚበዙትን ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ውጧቸዋል። ቆዳቸው ተሸብሽቧል፤ በላያቸው አመድ የመሰለ ብናኝ በክብ በክብ በቅሏል። ሁለቱ ፍሬዎች ተጠጋግተው ስለነበር ብናኙ ከአንደኛው ወደ ሌላኛው ተሻግሮ አንድ ላይ ሰፍቷቸዋል። በሣጥኑ ጎን የተለጠፈችው ወረቀት «ደማ-7» ትላለች።

ደማ-7 የአንሙት ዛፍ ነው። የፍራፍሬ ምርምር ጣቢያው ሰዎች እንዲያ ብለው ጠሩት እንጂ ዛፉ በእነሱ ግቢ አልበቀለም። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንሙት ቤት ጓሮ፣ አባቱ በልቶ ከጣለው ፍሬ ወጥቶ ያደገ ዛፍ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ፍሬው በዚህ ሣጥን ተፈትኗል። አሠራሩን አንሙት ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ሣጥኑን የሚያጥበውም፣ ወረቀቱን የሚያርሰውም እሱ ነው። እያንዳንዱ ፍሬ በመርፌ ይወጋል፤ በቁስሉ ላይ የሻጋታ ዘር ያለባት አንዲት ጠብታ ውሃ ታርፋለች፤ ክዳኑ ይዘጋና ሰባት ቀን ይጠበቃል። የሌላው ዛፍ ፍሬ በአራተኛው ቀን ይፈርሳል። የዚህኛው ግን በሰባተኛውም ቀን ከመርፌዋ ጠባሳ በቀር ምንም አይነካውም ነበር። በዚህ ምክንያት ዛፉን ያጠናው ዶክተር ጸጋው ሁለት ጊዜ ባሕር ማዶ ሄዶ ተጨብጭቦለት ተመልሷል። አንሙት ቦቲ ጫማ ተሰጥቶታል፤ እሱም በአንድ ቁጥር ይጠበዋል።

ከውጭ የድንኳን ካስማ ሲመታ ይሰማል። መንገድ ተዘግቶ ሁለት ጊዜ የተላለፈው የችግኝ ስርጭት ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለት ሺህ ችግኝ፣ ሁሉም ከዚያ ዛፍ ቡቃያ ተወስዶ በሌላ ኮክ ግንድ ላይ የተዳቀለ። የሚበዛውን ያዳቀለው የአንሙት እጅ ነው።

«የሌላ ዛፍ ፍሬ ገብቶብሽ ይሆናል» አለ ቀና ሳይል።

«እኔ ራሴ ነኝ የለቀምኩት። እርስዎ ሉማሜ ለቅሶ በሄዱ ዕለት ባለቤትዎ ወይዘሮ ጥላነሽ አስገቡኝ። መሰላል ላይ ወጥቼ፣ ከላይም ከታችም፣ ሳልመርጥ እጄ የደረሰበትን።»

«ሳትመርጪ?»

«ሳልመርጥ። መመሪያው እንደዚያ ነው የሚለው።»

አንሙት መመሪያ የሚባለውን ወረቀት አይቶት አያውቅም። ማን ያሳየዋል? ስድስተኛ ክፍል ደርሶ ያቆመ ሰው ምን ሊያደርግለት? ይህችን ልጅ ግን ሊጠላት አልቻለም። ከሀዋሳ ከመጣች ገና ስምንት ወሯ ነው፤ በዚህ ግቢ ውስጥ «ጋሽ» የምትለው እሷ ብቻ ናት። ብርዱን አልለመደችውም፤ ቤት ውስጥም ሻርፕ አትፈታም።

«ሻጋታው ጥርስ የለውም» አለች፣ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ወደ አንዱ ፍሬ እያመለከተች። «የፍሬውን ግድግዳ የሚያሟሟ ነገር ይተፋል። እንደ ምራቅ ይዩት። ግድግዳው ሲሟሟ ይገባል፣ የፈረሰውን ይበላል፣ ደግሞ ይተፋል። ፍሬው በበኩሉ ያንን ምራቅ ይዞ ከሥራ ውጭ የሚያደርግ ፕሮቲን አለው። ምራቁ ከተያዘ ግድግዳው አይፈርስም። የእርስዎ ዛፍ ይሄ ፕሮቲን ከሌላው በብዙ እጥፍ አለው። ይሄ ውሸት አይደለም፤ እኔም ለክቼዋለሁ።»

«እኮ! ታዲያ ምን ሆነና ነው?»

«ጥሬ ሳለ ነው ያለው። ፍሬው ሲለሰልስ፣ ሲጣፍጥ፣ ፕሮቲኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ሙሉ በሙሉ ሲበስል ከማንም ኮክ አይሻልም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ዶክተር የጻፈው ግን የበሰለ ፍሬ ተፈትኖ ነው ይላል። አምስት ዓመት ሙሉ፣ የበሰለ። ያን ሁሉ ጊዜ የሚለቅመው ማን ነበር?»

«እኔ ነኛ። ሌላ ማን አለ?»

«እንዴት እንዴት ያለውን ነበር የሚለቅሙት?»

«እንደ ሰው ነዋ የለቀምኩት! ኮክ መልቀምም ትምህርት ቤት ያስገባ ጀመር?»

ትንቢት ክዳኑን መልሳ ከደነችው፤ ሽታው ግን ከክፍሉ አልወጣም።

«ትናንት ለዶክተር አሳይቼዋለሁ» አለች። «‹አንድ ሣጥን ነው፤ ከዓመት በኋላ እንደግመዋለን› አለኝ። ችግኙ ግን ዛሬ ይሄዳል። ‹ስለቅም የነበረው ጥሬውን ነው› የሚል አንድ ቃል በሰው ፊት ከሰጡኝ፣ ስርጭቱን አሁኑኑ ማስቆም እችላለሁ። ከበር ከወጣ በኋላ ማን ይሰበስበዋል? ገበሬዎቹ ሦስት ዓመት ተንከባክበው፣ አርሰው፣ አጥረው፣ በሚያፈራበት ክረምት…» ቀሪውን በእጇ ወደ ሣጥኑ አመለከተች።

«እና ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አላልኩም፣ ጋሽ አንሙት።»

«ዛሬ አትይም። ስትጽፊው ትያለሽ። እናንተ ስትጽፉ ነው የምትሉት።»

በሩን ሳይዘጋ ወጣ።

ጉሙ ከጮቄ ተራራ በኩል ወርዶ የግቢውን ግማሽ ሸፍኖታል። ችግኞቹ በጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ በጉሙ ሥር፣ ረድፋቸውን ይዘው ቆመዋል። ቅጠላቸው ንጹሕ ነው። አንሙት በመካከላቸው ሲያልፍ አንዱንም አላየም፤ ለወትሮው ጎንበስ ብሎ አረም ሳይነቅል አያልፍም ነበር።

ዶክተር ጸጋው ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ወንበር ያስደረድራል። ከአንሙት በአሥራ ሁለት ዓመት ያንሳል። አምስት ዓመት ሙሉ «አንተ» ሲለው ኖሯል፤ «አንሙት፣ ና እስቲ፣ ያንን አንሣ»። አሁን ሲያየው ሁለት እርምጃ ወደ እሱ መጣ።

«አቶ አንሙት! የት ጠፉ? ልብስዎን ቀይረው ይምጡ እንጂ። ዛሬ ከፊት ወንበር ነው የሚቀመጡት።»

የአንሙት ጆሮ «እርስዎ» የምትለውን ቃል ፈልጎ፣ አግኝቶ፣ ደግሞ ተጠራጠረ።

«ዝርያው ስም ያስፈልገዋል፤ ኮድ ለገበሬ አይመችም» አለ ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው። «ተስማምተናል። ‹አንሙት› ይባላል። መዝገብ ላይ ይገባል። እስከ ልጅ ልጅዎ ድረስ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ዛፉ የማን ነው?»

ይህን ጥያቄ አንሙት ነበር አምስት ዓመት ሲጠይቅ የኖረው፤ ለዶክተሩ ሳይሆን ለራሱ፣ መንገድ ሲሄድ፣ ሣጥን ሲያጥብ። ፎቶግራፍ ሊነሡ በዛፉ ሥር በቆሙ ጊዜ ከጣቢያው ሰዎች ጋር የመጣ አንድ ፈረንጅ በእጁ «ወደዚያ በል» ያለውን አይረሳም። በገዛ ጓሮው! ከተማ ሆቴል ውስጥ ስለ ዛፉ ስብሰባ ሲደረግ ፍሬውን ተሸክሞ ያመጣው እሱ፣ ምሳ የበላው ከሾፌሮቹ ጋር በጓሮ በኩል ነበር። ዶክተሩ የጻፈው መጽሔት ሲመጣ ገጽ በገጽ ገልጦ ስሙን ፈልጓል። እንግሊዝኛው ባይገባው የገዛ ስሙን ፊደል አያጣውም። ስሙ የለም። በመጨረሻው መስመር ላይ ትንቢት አንብባ ስትተረጉምለት «ለጣቢያው ሠራተኞች ምስጋና» ይላል። ሠራተኞች! በዚህ ግቢ መጀመሪያ የተቀጠረው በዘበኝነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንም ቢሠራ ዘበኛ ነው።

«ምነው ፊትዎ ጠቆረ?» አለ ዶክተሩ። ከዚያ ወደ ላቦራቶሪው ክፍት በር ዓይኑን ወረወረ። «ልጅቷ ምን አለችዎ?»

«ምንም።»

«ጥሩ። ጎበዝ ናት፤ ትቸኩላለች እንጂ። እኔም በዕድሜዋ እንደዚያ ነበርኩ። ዛሬን አናበላሽም።» ትከሻውን መታ መታ አደረገው። መዳፉ ከባድ ነበር።

ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ እስከ ዳገቱ ጫፍ በእግር ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። አጥሩን ከፍቶ ሲገባ ወደ ቤት አልሄደም፤ ቀጥታ ወደ ጓሮ ዞረ።

ዛፉ በጉሙ ውስጥ ከወትሮው ገዝፎ ታየው። ዝናቡ ቆሟል፤ ከቅጠሎቹ የሚንጠባጠበው ግን አልቆመም። ከዛፉ ሥር ያለው መሬት ንጹሕ ነው። ተጠርጓል። የመጥረጊያው ጭረት ጭቃው ላይ ይታያል። አንሙት ይህን ንጹሕ መሬት ስንት ዓመት አየው! ዛሬ ግን ቆሞ አፈጠጠበት። አንጋጠጠ። ከላይ፣ ፀሐይ በሚነካው ጫፍ፣ ቢጫና ቀይ ሆነው የበሰሉት ፍሬዎች አሉ። ከመካከላቸው አንዱ ቡናማ ነው። ከአጠገቡ ሌላ። ወደ ግራ ሦስት፣ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ተያይዘው የደረቁ፣ እንደ ተሰቀለ የሌሊት ወፍ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለች ጥላነሽ ከበጎቹ ጋጣ በኩል። እንቅቡን በጎኗ ይዛለች፤ የበሰበሰ ኮክ ሞልቶታል።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ከየት ይመጣል? ከዛፉ ነዋ።»

«የዘንድሮ ብቻ ነው?»

ሚስቱ ሲያሾፍባት እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን አየችው። «አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም? በየክረምቱ አይደለም እንዴ? ሲበስል ይበሰብሳል። ኮክ አይደለም? ከጎረቤቱ ይሻላል እንጂ አይበሰብስም ብሎ ማን ነገረህ?»

«እነሱ ናቸዋ! መጽሐፍ የጻፉበት!»

«እኔን ጠይቀውኛል?» እንቅቡን መሬት አስቀመጠችው። «አንተ አይደለህ እንዴ ያን ቀን በዓይንህ የጠቀስከኝ? ያ ዶክተር መጀመሪያ የመጣ ዕለት መኪናው ጭቃ ይዞበት፣ ዝናብ መትቶት ገባ። ‹እስቲ ጓሮ ልይ› ሲል፣ አንተ ወሬ ይዘህ አቆየኸው፣ እኔ በጓሮ በር ሮጬ የወደቀውን ጠርጌ ለበግ ሰጠሁ። እንግዳ ብስባሽ ሊረግጥ ነው ታዲያ? ከዚያ ወዲህ እነሱ በመጡ ቁጥር እጠርጋለሁ። ሲያመሰግኑህ ደስ ይልህ ነበር።»

ልክ ናት። ዶክተሩ ያን ቀን ከዛፉ ሥር ቆሞ «ይሄ ዛፍ አይታመምም እንዴ?» ሲል አንሙት የመለሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ነው። ለእንግዳ ሌላ ምን ይመለሳል? «ከብቶቹ ደህና ናቸው?» ሲባልም የሚመለሰው ያው ነው፤ አንዷ ሞታ ብታድር እንኳ። ከዚያም «በየሳምንቱ ሃያ ፍሬ አምጣልኝ» ተባለ። አንሙት ለቀመ። ማልዶ ተነሥቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ እያንዳንዱን በመዳፉ እያገላበጠ ለቀመ። የለሰለሰውን ተወ፤ የለሰለሰ ኮክ መንገድ ላይ ይቀጠቀጣል፤ ሰው ፊት ይዞት የሚቀርብ ሰው ራሱን ያሳፍራል። ነቁጥ ያለበትን ተወ። ቀይ ብሎ የሚያምረውን ግን ሲጫኑት የማይሰረጉደውን፣ ጠንካራውን፣ የቀናውን መረጠ። እንቅቡ ውስጥ ለምለም ሣር ጎዘጎዘ። ለቤቱ የቀረው የበሰለውና ጠባሳ ያለበት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ለዶክተር ጸጋው ያቀረበው ለእንግዳ የሚቀርበውን ነበር። ዶክተሩም እንደ እንግዳ ተቀብሎ፣ አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብሎ «ይሄ በስሏል ወይ?» ሳይል፣ መርፌውን ወጋበት።

ማን ነው ያጠፋው? አንሙት ይህን ሲያሰላስል ንዴቱ ከሥር ከሥር መጣ። ያከበረ ሰው እንዴት አጥፊ ይሆናል? አጥፊው ያልጠየቀው አይደለም እንዴ? ግን ያውቃል። ነገ ሲነገር ዶክተሩ «በናሙና አሰባሰብ ላይ የተፈጠረ ስህተት» ይላል፤ ሰብሳቢው ማን ነው? ሲባል የአንሙት ስም ይጠራል። አምስት ዓመት ፈልጎ ያጣው ስሙ፣ ያኔ በደማቁ ይጻፋል።

«አማች! አማች አለህ?»

ከአጥሩ ውጭ አድማሴ ሁለት አህያ ይዞ ቆሟል። የጥላነሽ ታላቅ ወንድም ነው፤ ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ጥርሱን እያሳየ።

«ዛሬማ ሹመት ነው አሉ! ደጃዝማች አንሙት! ስንመጣ በዘበኛ አስፈትሸህ ነው ወይስ ራስህ በር ከፍተህ የምታስገባን?»

«ኧረ ተው አድማሴ።»

«ምን ተው! መጀመሪያ የምሰለፈው እኔ ነኝ። ሁለት መቶ ችግኝ ተመዝግቤያለሁ።» ሳቁ ቆመና ድምፁ ወረድ አለ። «ባህር ዛፌን ጨርሼ ነቀልኩት። የመጨረሻውን ጉቶ ትናንት አወጣሁ፤ ወገቤን አትጠይቀኝ። ሰፈሩ ‹አብደሃል፣ የሚሸጥ እንጨት ትነቅላለህ?› አለኝ። ‹አማቼ የሚያውቀውን ያውቃል› አልኳቸው።»

አንሙት አጥሩን ያዘ። እሾሁ መዳፉን ወጋው፤ አልለቀቀም። ጥላነሽን ሊያገባ ሽማግሌ በላከ ጊዜ ከውስጥ «እህታችንን ለዘበኛ?» ብሎ የጮኸው ይህ ሰው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ከዚያ በኋላ በክርስትናም በለቅሶም ሲገናኙ፣ ሰላምታውን ሳይቀር እንደ ብድር ነበር የሚሰጠው። ዛሬ ግን መሬቱን በአንሙት ቃል ላይ ጥሎ፣ ባዶውን መሬት አርሶ፣ አህያ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ሰው ይህን ያህል ሊያምነው አንሙት ጠብቆ አያውቅም። ቢጠብቅማ ሌላ ሰው በሆነ!

«ትክክል አደረግሁ አይደል?» አለ አድማሴ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ አንሙት።

ጥላነሽ ከኋላው ባሏን ለአፍታ አየችው። እንቅቡን አንሥታ ወደ ጋጣው ሄደች።

ድንኳኑ ሞላ። ከፊት የተጋበዙት ተቀምጠዋል፤ ከኋላ ገበሬዎቹ ጋቢያቸው እርጥብ ሆኖ፣ የጭቃና የበግ ሱፍ ሽታ እየሸተቱ ቆመዋል። ጾም ስለሆነ ፊታቸው ጠውልጓል፤ ዓይናቸው ግን ድንኳኑ ጎን ካለው የችግኝ ረድፍ አይነቀልም። አንሙት የሠርጉን ኮት ለብሶ ከፊት ወንበር ተቀምጧል። ከወረዳ የመጣው ሰው በቀኙ ነው፤ ሲቀመጥ እጁን ጨብጦታል። ንግግሩን አልሰማውም። ጆሮው ውስጥ የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሆነ ቦታ፣ ከቆዳ በታች፣ ግድግዳ ሲሟሟ የሚያሰማው ድምፅ። እንዲህ ያለ ድምፅ የለም። ቢኖር ግን ዝግ ያለ፣ የማያቋርጥ፣ ማንንም የማይቀሰቅስ ነበር የሚሆነው።

ዶክተር ጸጋው ማይክሮፎኑን ያዘ። ስለ ዛፉ ተናገረ፤ ስለ ፕሮቲኑ፤ ገበሬው መድኃኒት ሳይረጭ ስለሚያገኘው ፍሬ። ከዚያም «ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ጓሮ ውጤት ነው» አለ። ስሙን ከነአባቱ ጠራ። የዝርያውን ስም ጠራ። ሰው አጨበጨበ፤ ከኋላ አድማሴ በአፉ አፏጨ። አንሙት ተነሣ። እግሩ ጠባቡ ቦቲ ውስጥ ደንዝዟል። የምስክር ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለ። ፊደሉ ትልቅ ነው፤ አልተሳሳተም፤ ስሙ ነው።

«አንድ ቃል ይበሉ» አለ ዶክተሩ፣ ማይክሮፎኑን ወደ አፉ እያስጠጋ።

ከድንኳኑ ባሻገር ላቦራቶሪው በር ላይ ትንቢት ቆማለች። ሻርፗን እስከ አገጯ ጠቅልላለች። እጇን አላነሣችም፣ አልጠቀሰችም። ታየዋለች ብቻ። በዚህ ሁሉ ሰው መካከል እውነቱን የሚያውቁት ሦስት ናቸው፤ አንዱ ማይክሮፎን ይዟል፣ አንዷ በሩ ላይ ቆማለች።

«እግዜር ያክብርልኝ» አለ አንሙት። ድምፁ በድምፅ ማጉያው ተመልሶ ሲመጣ የሌላ ሰው መሰለው። «እኔ… የለቀምኩት እኔ ነኝ።»

ዶክተሩ ማይክሮፎኑን በዝግታ ወደ ራሱ መለሰ። «እጁ የተባረከ ነው፣ እንግዲህ!» አለ እየሳቀ። «የመጀመሪያውን ችግኝ እሱ ራሱ ይስጥ!» ሰው ዳግመኛ አጨበጨበ።

‹እርስዎ› ቀርቶ ‹እሱ› ሆኗል። አንሙት ልብ አለ። እንዲህ ያለውን ነገር ልብ ሳይል አልፎ አያውቅም።

ሰልፉ ተዘረጋ። በረድፉ ጫፍ ጠረጴዛ ተቀምጦ አንድ ሰው ስም ይመዘግባል። ትንቢት ከበሩ ላይ ተነሥታ በጭቃው ውስጥ እየመጣች ነው፤ አትሮጥም፣ ግን አትቆምም። ዶክተሩ አያት። አንሙት ጎንበስ ብሎ ከረድፉ የመጀመሪያዋን ችግኝ አነሣ። ያዳቀለበት ቦታ፣ ግንዱ ከግንዱ ጋር የተጋጠመበት፣ በሚገባ ድኗል፤ ጠባሳው እንኳ አይታይም። ጥሩ ሥራ ነበር።

አድማሴ ዱላውን በብብቱ ይዞ ሁለት እጁን ዘረጋ፤ ስጦታ እንደሚቀበል ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ። ከረጢቱ መዳፉ ላይ አረፈ። የአንሙት ጣቶች ግን ግንዱን እንደ ያዙ ቀሩ።

«ልቀቃት እንጂ» አለ አድማሴ እየሳቀ። «ልጅህን ነው የምትድረው?»

ከኋላው ያሉት ሳቁ። አንሙት ግንዱ ውስጥ የአድማሴን እጅ ስበት ይሰማዋል፤ በመጀመሪያ ቀላል፣ ቀጥሎ ጠንከር ያለ። ቅጠሎቹ ተንቀጠቀጡ።

«አማች?» አለ አድማሴ። አሁን አልሳቀም። አንገቱን ቀና አድርጎ የአንሙትን ፊት አየ፤ ከፊቱም ላይ አንድ ነገር አነበበ መሰለ፤ መሳቡን አቆመ። እሱም ግን አልለቀቀም።

«ቀጣይ!» አለ የሚመዘግበው ሰው ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

ከሰልፉ ማንም አልተንቀሳቀሰም።